መርፌው ከመንገዱ ሁለት ሳምንት ይቅደም

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

የዛሬው ርዕሳችን ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጥቅምት ሲገባ ከሚኒያፖሊስ፣ ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ ስልክ ይደወላል። ሰላምታው ካለቀ፣ የከብቱና የዝናቡ ነገር ከተጠየቀ በኋላ ልጅ እናቷን «ሆዮ፣ እኛ እዚህ የጉንፋን ክትባት ተከትበናል፤ እናንተስ?» ትላለች። እናት ምን ብላ ትመልስ? እዚህ ጅግጅጋ ውስጥ በጥቅምት ስለ ጉንፋን መርፌ የነገራት ሰው የለም። ጤና ጣቢያ ስትሄድም በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የክትባት ሰንጠረዥ ውስጥ አላየችውም። ኮቪድ በነበረባቸው ዓመታት ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ሆነ። የኮቪዱ ይቅደም ወይስ የኢንፍሉዌንዛው? አንድ ላይ ይወሰዳሉ ወይ? አሁን ይሻላል ወይስ ትንሽ ጠብቆ? እነዚህ ጥያቄዎች ከኮቪድ ጋር አላለፉም፤ ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ይመለሳሉ። ዛሬ በእርጋታ እናያቸዋለን።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ራሱ። አፍንጫ የሚያፈሰውና በሦስት ቀን የሚለቀው ተራ ጉንፋን ሌላ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ ሌላ። ኢንፍሉዌንዛ ድንገት ይጥላል። ጠዋት ሱቁን የከፈተ ሰው ከሰዓት በኋላ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በመገጣጠሚያ ቁርጥማት አልጋ ላይ ይውላል። ቫይረሱ ሰውነት ከገባ ምልክቱ እስኪታይ ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ታማሚው ግን ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ለሌላው ማስተላለፍ ይጀምራል። ብዙው ሰው በሳምንት ውስጥ ይነሳል። የማይነሳውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው በጽኑ ይታመማል፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሰው ደግሞ በሽታው በሚያስከትለው የመተንፈሻ ችግር ይሞታል። በኛ አካባቢ እንዲህ ያለው ሕመም ሲመጣ «ብርድ መታኝ» ተብሎ በዝንጅብል፣ በማርና በጥቁር አዝሙድ ይታለፋል። ዝንጅብሉና ማሩ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ነውር የለባቸውም። ነውሩ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም።

የኢትዮጵያ ሰው ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ካራቆተው ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። ያ የኅዳር በሽታ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» እያለ የሚጠራው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከጅቡቲ ተነስቶ በደወሌ፣ በአይሻና በሺኒሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917፣ ከወረርሽኙ በቀደመው ዓመት ነበር። ዛሬ በዚያው መስመር በአዲሱ ባቡርና በጭነት መኪና የሚመላለሰውን ሰው ብዛት ስናስብ፣ የሲቲ ዞን ከተሞች ለመተንፈሻ በሽታ ዋና በር መሆናቸው አያስገርምም። በ1911 የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እንኳ ከዚያ በኋላ በ1933 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ በ2001 ዓ.ም. የመጣው፣ ያኔ «የአሳማ ጉንፋን» ተብሎ የተጠራው ነው። በሰኔ ወር 2001 የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በአገራችን ተረጋገጡ። ያ ቫይረስ ጠፍቶ አልቀረም። ከየዓመቱ ኢንፍሉዌንዛ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ይዘዋወራል፤ ዛሬ በሚሰጠው ወቅታዊ ክትባት ውስጥ ከሚካተቱት ዝርያዎች አንዱም እሱ ነው። ሰዎች «የወረርሽኝ ክትባት» እና «ተራ የጉንፋን ክትባት» እያሉ ሲለዩ ይህን ብታስታውሱ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። መቼ?

የሚኒያፖሊሷ ልጅ በጥቅምት የምትከተበው የአገሯ ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሆነ ነው። ቫይረሱ በዚያ ብርድ ወቅት ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ይባዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። በየካቲት ወር ለሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በመስከረም ደግሞ ለደቡቡ የትኞቹ ዝርያዎች በክትባቱ ውስጥ እንዲገቡ ይመክራሉ። ከዚያ ፋብሪካዎቹ ስድስት ወር ያህል ይሠራሉ። ስለዚህ የሰሜኑ ክትባት በመስከረምና በጥቅምት፣ የደቡቡ በመጋቢትና በሚያዝያ ገበያ ላይ ይወጣል።

ጅግጅጋስ? ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ነች። ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ጅላል፣ ደረቁ ወቅት፣ ሲገባ አቧራውና ደረቁ ነፋስ ጉሮሮን ይከረክራል። ያም ሆኖ እንደ ሚኒያፖሊስ በረዶ የሚዘጋው ከተማ የለንም። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜም ሊያይል ይችላል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በተመረጡ ጤና ተቋማት ከታማሚዎች አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና እየተወሰደ ይመረመራል። ይህ ቅኝት በመኖሩ ነው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ በቫይረስ ምርመራ የሠለጠኑ እጆች የተገኙት። መጀመሪያ ላይ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ምርመራው አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ።

እንግዲህ የኛ ሰው የሰሜኑን ወቅት ተከትሎ ጥቅምትን ይጠብቅ ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ጅግጅጋ ላይ የሚኖር ሰው ቀኑን መቁጠር ያለበት ከአየሩ ሳይሆን ከራሱ ጉዳይ ተነስቶ ነው። መቼ ነው ብዙ ሰው ወደሚጨናነቅበት የምሄደው? መቼ ነው ሰውነቴ የሚዳከመው? ክትባቱ ከተወሰደ በኋላ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ጥበቃው በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መዘግየት ብቻ ሳይሆን እጅግ መቸኮልም ኪሳራ አለው። በመስከረም የተከተበ ሰው በግንቦት ለሚያደርገው ጉዞ ብዙም ጥበቃ ላይተርፈው ይችላል። ከበሽታው በኋላ መሮጥ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይህን በጣም የሚያሳየው ሐጅ ነው። የሐጅ ጊዜ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በ2017 ግንቦት መጨረሻ ላይ ዋለ። ከመላው ዓለም የመጣ፣ ከሰሜኑም ከደቡቡም የምድር ክፍል ቫይረሱን ይዞ የመጣ ሰው በአንድ ቦታ ይገናኛል። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር ለሐጃጆች የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው ይላል፤ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ እሱም የሚጸናው ከተወጋ 10 ቀን በኋላ ነው። የፖሊዮ ክትባት ሲጠየቅ ደግሞ አራት ሳምንት አስቀድሞ ነው። የኢንፍሉዌንዛው ክትባት በተለይ ለአረጋውያንና ለሕመምተኞች የሚመከር ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ብታሰሉ፣ ከመሳፈሪያ ቀን አንድ ወር አስቀድሞ ጤና ተቋም መሄድ ሁሉንም ያሟላል። የኢንፍሉዌንዛ መርፌ የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረስ ቁራጭ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን መወሰዱ ችግር የለውም። አንድ ወር ሲቀረው የኢንፍሉዌንዛውን ያላገኘ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢወሰድም በቂ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ለመሳፈር ሰኞ ዕለት የሚከተብ ሰው ግን ገና ሳይጠበቅ መካ ይደርሳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወረርሽኙን እናስገባ። ኮቪድን ምሳሌ እናድርግ፤ ሁላችንም አልፈንበታልና።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ ተረጋገጠ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በዚያው ወር የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤት አገሮች በድንበር ለሚመለሱ ወገኖች ለይቶ ማቆያ ሆነ። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የኮቪድ ክትባት በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ። ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ትብብር በኩል የመጣው 2.184 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ አገር የገባው ከዚያ ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ የካቲት 28 ነበር።

በዚያን ሰሞን ምክሩ «ከኮቪድ ክትባት በፊትም በኋላም ሌላ ክትባት ለመውሰድ 14 ቀን ይቆዩ» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለቱ ክትባቶች ይጣላሉ ብሎ ገመተ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የኮቪዱ ክትባት አዲስ ስለነበር፣ ከክትባት በኋላ አንድ ችግር ቢታይ ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ ሲባል የተወሰደ ጥንቃቄ ነው። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ገደማ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ ክንድ መስጠት ይቻላል አለ። አሁንም ምክሩ ይኸው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ጤና ተቋም መሄድ ራሱ ወደ ሕዝብ መሀል መግባት ነው። ለአንድ መርፌ ብቻ ሦስት ጊዜ ወረፋ መጠበቅ ሰውየውን ከሚከላከልለት በሽታ ይልቅ ለሚሸሸው በሽታ ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን ከሌላ ቀጠሮ ጋር አያይዙት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የእርግዝና ክትትል ቀናችሁ አለ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚ ከሆናችሁ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ መድኃኒት ልትወስዱ ትሄዳላችሁ፤ ክትባቱ በዚያ ቀን ይሰጠኝ ማለት ይቻላል።

አንድ ሐቅ ደግሞ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰው አፉን ሸፍኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በረራ ቀርቶ በነበረበት ወቅት ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ዙሪያ ከሞላ ጎደል ተሰወረ። ቢ ያማጋታ የተባለው አንድ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ከመጋቢት 2012 ወዲህ በእርግጠኝነት ስላልታየ አሁን ከክትባቱ እንዲወጣ ተደርጓል። ያኔ ጅግጅጋ ተቀምጦ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ያልወሰደ ሰው ብዙ አልጎደለበትም። ሚዛኑ የተቀየረው ጭምብሉ ሲወርድ ነው። በ2013 ሐጅ በሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ 60,000 ሰዎች ብቻ ተፈቅዶ ነበር። በ2014 ግን አንድ ሚሊዮን ሰው ሲፈቀድ፣ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ፣ የኮቪድ ክትባቱን ያጠናቀቀና በ72 ሰዓት ውስጥ የተሰጠ የምርመራ ውጤት የያዘ ብቻ ይገባል ተባለ። ለኮቪድ ይህን ሁሉ ያዘጋጀ ሰው በዚያው ጉዞ ላይ ለተመለሰው ኢንፍሉዌንዛ ያልተዘጋጀ ከሆነ፣ ትኩሳት ይዞት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኮቪድ ይሁን ሌላ ሳይታወቅ ሊቀመጥ ይችላል። ወረርሽኝ ሲኖር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ እንዳይደራረቡ ያግዛል፤ ትኩሳት ባለበት ሁሉ ከሚመጣው ግራ መጋባትም የተወሰነውን ይቀንሳል።

ሁሉንም ግን አይከለክልም። ዝርያዎቹ በትክክል በተገመቱበት ዓመት ሐኪም ቤት የሚያደርስን ሕመም ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ ትንሽ የሚመስለው ሰው የስኳር ሕመምተኛ እናት በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት የሳንባ ምች ይዟት ስትተኛ አላየም። ከዚህ በላይ የሚሰጥ ክትባት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን አትመኑት።

ትኩሳት ላይ ያላችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ኮቪድ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ ተገኝቶባችሁ ተለይታችሁ የተቀመጣችሁም ጊዜያችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ፤ ለናንተ ሳይሆን ለጤና ባለሙያዋና ከጎናችሁ ለተቀመጡት ሲባል። ቀላል አፍንጫ መፍሰስ ግን አያግድም። ቀደም ሲል ከዚሁ ክትባት በኋላ ፊቱ ያበጠ፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው ሳይነግር አይከተብ።

ለማን ነው ቅድሚያው? ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ናቸው። በየትኛውም የእርግዝና ወር መከተብ ይቻላል። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ መከተብ ስለማይችል፣ እናቱ በእርግዝና ጊዜ ያስተላለፈችለት መከላከያ ነው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚጠብቀው። እንዲሁም በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር፣ የአስም፣ የልብና የኩላሊት ታማሚዎች፣ የጤና ባለሙያዎች። እዚህ ላይ በቀብሪበያህ፣ በሸደርና በአውበሬ የስደተኛ ጣቢያዎች የሚሠሩትን እጨምራለሁ፤ በአንድ ቀን የሚያገኙት ሰው ብዛት ራሱ ይናገራል። ከስድስት ወር በላይ ያለ ትንሽ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ለሕፃን ከጉዞ ሁለት ሳምንት በፊት ሳይሆን ስድስት ሳምንት በፊት መጀመር ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ በግልጽ እንነጋገር። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። በግል ተቋም ሲገኝ በክፍያ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ ቢገኝ ጅግጅጋ ላይ ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ እጅ ሲያጥር ምን ይቅደም? እኔ ብጠየቅ፣ ቤት ውስጥ ያልተከተበ ሕፃን ካለ የኢንፍሉዌንዛውን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት እላለሁ። ኩፍኝ በክልላችን በድርቁ ዓመታት ሕፃናትን ሲያጠቃ አይተናል፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በየጤና ጣቢያው በነፃ ነው። በኮቪድ ወቅት ብዙ እናቶች ፈርተው የልጆቻቸውን ቀጠሮ አሳለፉ። የዚያ ዳፋ እስከ ዛሬ አልጠራም።

ክትባቱን ያገኘ ሰው ደግሞ ከመወጋቱ በፊት ካርቶኑን ይጠይቅ። አብዛኛው ክትባት ተሞልቶ በተዘጋጀ ትንሽ ሲሪንጅ ይመጣል፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። በካርቶኑ ጎን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነው። ሁለተኛው የወቅቱ ቁጥር ነው፤ የሰሜኑ ክትባት 2025/2026 እንደሚል ሁለት ዓመት በዘንግ ይለያል፤ የደቡቡ 2026 ብሎ አንድ ዓመት ብቻ ይጽፋል። የሰሜኑ ብዙ ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ጊዜው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚከተብ ሰው ይህን ሳያይ ያለፈበት ሊወጋ ይችላል። ሌላው ቅዝቃዜ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ቢሟሟም አይጠቅምም። መብራት ሲጠፋ ተቋሙ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከአዲስ አበባ ገዝቶ በሻንጣ ሸጉጦ፣ ከካራማራ ተራራ ማዶ በአውቶቡስ ይዞ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው። ከድንበር ማዶ፣ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሣጥን፣ በገበያ የሚሸጥ መርፌ ደግሞ ጨርሶ አይነካ።

ከአድማጮች ብዙ ጊዜ የሚነሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ከረመዳን ጋር ነው። በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በተጀመረ በወሩ ረመዳን ገብቶ ስለነበር ጥያቄው በብዙ አገር ተነስቷል። በጊዜው የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቅ ሙፍቲ የነበሩት የኮቪድ ክትባት ምግብና መጠጥ ስላልሆነ ጾም አያፈርስም ብለዋል። የኢንፍሉዌንዛውም ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። ልቡ ያልረጋ ሰው ከመግሪብ በኋላ ወይም ከረመዳን በፊት ይውሰድ፤ የአካባቢውንም ዑለማ ይጠይቅ። ሁለተኛው ስለ ጄላቲን ነው። በአፍንጫ የሚረጨው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለበት፤ እውነት ነው። ክንድ ላይ የሚወጋው ግን አብዛኛው ጄላቲን የለበትም፤ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አስነብቡ። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ነፍሰ ጡሮች በየዓመቱ ከሚወስዱት ክትባት ጋር አይገጥምም።

ያልተከተበውም የተከተበውም የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከሰዓት በኋላ በጫት መቃሚያ ክፍል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጭስ ሞልቶ፣ ውኃውን በአንድ ኩባያ እየተቀባበልን ለሰዓታት እንቀመጣለን። ቫይረስ ከዚህ የተሻለ ቤት ቢመኝ አያገኝም። መስኮቱን ክፈቱ፤ ኩባያችሁን ለዩ፤ የሚያስል ሰው ዛሬ ይቅርበት። ሽማግሌን ሰላም ለማለት ሲባል ትኩሳት ይዞ መጎብኘት አክብሮት አይደለም።

ለሐጅ የተመዘገባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ስኳር ወይም አስም ያለባችሁ፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ጤና ተቋሙን ደውላችሁ «ክትባቱ አለ ወይ? የየትኛው ወቅት ነው? ጊዜው መቼ ያበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ ከመሳፈሪያ ቀናችሁ ወደ ኋላ ሁለት ሳምንት ቆጥራችሁ ከዚያ በፊት ያለውን የክትትል ቀጠሮ ምረጡ። ለመረጃ የጤና ሚኒስቴር 952 ነፃ የስልክ መስመር አለ። የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ደግሞ ዛሬ ማታ ከሣጥን አውጥታችሁ እዩት፤ የኩፍኝ ቀኑ ያለፈ ካለ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ አይከፈልበትም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)